የእናቴ ጣሳና የጆሮዬ ጩኸት

ሰበታ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሽመና ማሽን ላይ ቆሜያለሁ። ማሽኖቹ ሲነሱ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ የምንግባባው በመታ መታ ነበር። ትከሻህን አንድ ጊዜ መታ ካደረጉህ «አለህ?» ማለት ነው። አንተም አንድ ጊዜ መታ አድርገህ «አለሁ» ትላለህ። ሁለቴ ከሆነ ክር ተበጥሷል፣ ሦስቴ ከሆነ ቶሎ ና። የጆሮ መድፈኛ ተሰጥቶን ነበር። እኔ ያሳክከኛል እያልኩ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ጉራ ነው እንጂ ምንም አያሳክክም።

ፋብሪካውን ስለቅ ጩኸቱ አብሮኝ ቡራዩ ገባ። ጆሮዬ ቀን ከሌት ጭው ይላል። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ናት፤ በትዕግሥት አስረዳችኝ።

«ጆሮዎ ቀጫጭን ድምፆችን ማቀበል አቁሟል። አንጎልዎ ደግሞ የቀረበትን ሲፈልግ የራሱን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። የሚሰሙት እሱን ነው።»

ጸጥታው ሲከብደኝ ራዲዮ ዝቅ አድርጌ እንድከፍት መከረችኝ። ዝቅ አድርጌ! እኔ መቼ ልክ አውቃለሁ።

ያኔ እናቴ አብራኝ ትኖር ነበር። ስትሮክ መትቷት ግማሽ አካሏና ንግግሯ ሄዷል። የተከራየሁትን ቤት ለሁለት የሚከፍለው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው፤ እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። የፋብሪካውን ምልክት አስተማርኳት። በደህናው እጇ ጣሳ ይዛ ኮምፔርሳቶውን ትመታለች። ሁለቴ ውሃ፣ ሦስቴ ቶሎ ና። የምትወደው ግን አንዷን ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ አንድ ትመታለች፣ እኔም እየተነጫነጭኩ እመልሳለሁ። «ኧረ አለሁ፣ የት እሄዳለሁ!»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጆሮዬ አላስቀምጥ አለኝ። ራዲዮኑን ጣቢያ የሌለበት ላይ አድርጌ ሹሹታውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ጩኸቱ ጠፋ። እንደዚያ ያለ እረፍት ካገኘሁ ስንት ዓመቴ፤ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ የምሳ ሰዓት አልፏል። አጥሚቷን ይዤ ስገባ ጣሳው መሬት ወድቋል። እናቴ ሞታለች።

ሱሉልታ፣ ከአባቴ አጠገብ ቀበርናት። ከቀብር መልስ ጩኸቱ እጥፍ ሆነ። ልደነቁር ነው ብዬ ወደ ሐኪሟ ሮጥኩ። ለካችኝ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው ነው።

«በቅርቡ የደረሰብዎት ነገር አለ?» አለችኝ።

ነገርኳት። አንጎል ውስጥ ፍርሃትንና ሐዘንን የሚይዘው ክፍል ከመስሚያው ክፍል ጋር እንደሚነጋገር ነገረችኝ። አንድን ድምፅ አደጋ ነው ብሎ ከያዘው፣ መስሚያው ያን ድምፅ ዘብ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በጠበቀው መጠንም ይጎላል። ተናደድኩባት። ሐዘኔን በመሣሪያ የመረመረችብኝ መሰለኝ። እውነቷን ነበር። ጆሮዬ ጭው ባለ ቁጥር እኔ የምቆጥረው ሦስት ምት ነው። ቶሎ ና፣ ቶሎ ና፣ ቶሎ ና።

ባለፈው ወር የጀርባ ጎረቤቴ፣ ትልቅ ኦሮሞ እናት፣ አጥር ላይ አገኙኝ።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ?» ብለው ሰላም አሉኝና እጄን ያዙኝ። «እኔ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ያን ቀን ጣሳውን ሰምቼ ነበር። አንተ ቤት ነህ ብዬ ተውኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

«ስንት ስንቴ ነበር የምትመታው፣ እማማ?»

«አንዴ ብቻ። አንዴ ትመታለች፣ ዝም ትላለች። ደግሞ አንዴ ትመታለች። ረጅም ሰዓት ቆየች እኮ።»

አንዴ። ውሃ አላለችም፣ ቶሎ ናም አላለችም። መልሱ አንድ ምት ነበር፤ ከተኛሁበት ሳልነሳ እጄን ብዘረጋ ይደርስ ነበር።

ሐኪሟ ጩኸቱን አይታገሉት፣ ጠላት አለመሆኑን ቀስ ብለው ያስለምዱት ብላኛለች። እየሞከርኩ ነው። ራዲዮኑን ከዘጋሁት ቆየሁ። ጭው ሲልብኝ ኮምፔርሳቶውን በጣቴ አንድ ጊዜ መታ አደርጋለሁ። አለሁ፣ እማዬ።