ቤት የምትሞላዋ ተዋናይ

ተከራክሬ መሸነፍ አልወድም። እህቴ ይህን ጠባዬን ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቀዋለች። ያን ሰሞን ግን ረስታው ነው መሰለኝ የቪዲዮ ቤቷን ቁልፍ ለእኔ ትታ ደሴ ሄደች።

እህቴ ዐረብ አገር ስምንት ዓመት ሠርታ ስትመለስ እዚህ መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ተከራየች። አግዳሚ ደረደረች፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀለች። እኔ የወረዳ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ አግዛታለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው በር ላይ ይጋፋ ነበር። ኋላ ሁሉም በየስልኩ ፊልም ማየት ጀመረ፣ መብራቱም እንዳሻው ይሄዳል፣ አግዳሚዎቹ አንድ በአንድ ባዶ ቀሩ። ሰው የሚጠራው ተዋናይ ማን ነው የሚለው ክርክራችን ያኔ ተጀመረ።

እኔ ኮሜዲያኑ ነው አልኩ፣ ያ ቦርጫሙ፣ ገና ብቅ ሲል የሚሳቅለት። «አዲስ አበባ የእሱ ፊልም ሲወጣ ወረፋው መንገድ ይዘጋል» እላታለሁ፤ ወረፋውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

«አንተው፣ አዲስ አበባን ተዋት» ትለኛለች። «እዚህ ቤት የምትሞላው ፍንጭቷ ናት።»

ፍንጭቷ የምንላት የፊት ጥርሷ መሀል ክፍተት ያላት ተዋናይ ናት፤ ስሟን የሚጠራት የለም። ፍቅረኛዋ ሲከዳትና ሠርጓ ሲፈርስ እንባው ያምርባታል። «ታዲያ ሰው ሊያለቅስ ነው የሚመጣው?» ስላት፣ «እዚህ አገር የሚወደው ያልተለየው ማን አለ?» ትለኛለች።

ምስክሯ ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ዐረብ አገር ሄዳ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ካለፈው ረመዳን ወዲህ ግን ድምጿ ጠፋ። ያቺም ልጅ ፍንጭት ናት። እናትየው ፍንጭቷ ያለችበት ፊልም በመጣ ቁጥር የፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ታሪኩን አይከታተሉም፤ የሚጠብቁት ስትስቅ ነው። «ጥርሷን አየኸው ልጄ? ቁርጥ የእኔዋን» ይሉኛል። እኔም እህቴን፣ አንዲት እናት ቤት አትሞላም፣ እያልኩ እሞግታታለሁ።

ሁለት የገበያ ቀን በተከታታይ የእኔን ኮሜዲያን አሳየን። ከወግዲ የመጡ ነጋዴዎች መኪናቸው እስኪሞላ ተኝተውበት ሄዱ። ጎረምሶቹ «ይሄንንማ በስልካችን ጨርሰነዋል» አሉ። እህቴ የሰበሰብናትን ጥቂት ብር ሁለቴ ቆጥራ እጄ ላይ አስቀመጠች፤ ይህ ከስድብ በላይ አናደደኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ጄኔሬተሩ ተበላሸና ዕቃ ልታመጣ ደሴ ወረደች። ስትሄድ፣ «አዲሱ ፍላሽ ላይ የፍንጭቷ ፊልም አለ። እኔ ሳልመጣ እንዳትነካው» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ድሏን ራሷ ቆማ ልታይ ፈልጋ ነው አልኩ በልቤ። መሸነፌ ካልቀረ ቤቱን የሞላሁት እኔ ልሁን ብዬ ፍላሹን አወጣሁት።

ፊልም እስከ መጨረሻው አይተን የማሳየት ልማድ የለንም። ድምፁ መሰማቱን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እናያለን፣ በቃ። ፍንጭቷ ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ አየሁና አጠፋሁት። ጠዋት ሰሌዳው ላይ የፊልሙን ስም በጠመኔ ጻፍኩ። ከዚያ እናትየው ቤት ሄጄ፣ «እናቴ፣ ዛሬ እንዳይቀሩ፤ ለእርስዎ የሚሆን ነገር አለ» አልኳቸው። ጎረቤቶቻቸውንም አብረው እንዲመጡ ለመንኳቸው። የፊተኛው አግዳሚ ላይ የራሴን ጋቢ አጥፌ አነጠፍኩላቸው።

ደግነቱ መብራት አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ፤ ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ለእህቴ ደውዬ፣ «አሸንፈሻል፣ መቆሚያ የለም» አልኳት። «የትኛውን ፊልም ነው ያሳየኸው?» ስትለኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ፊልሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ፍንጭቷ ዐረብ አገር ሄደች። የሰው ቤት ልብስ ስትተኩስ፣ ስልኳን ሲቀሟት፣ አገር ቤት ያለችው እናቷ ስልክ ታቅፋ ስትቀመጥ አየን። እህቴ ቀድማ አይታው ኖሯል፤ ለምን እንደደበቀችው ያኔ ገባኝ። ማጥፋት እችል ነበር፤ መቆጣጠሪያው እጄ ላይ ነው። ግን ቤቱ ሞልቷል፣ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ያያል፣ እንዲህ ያለ ቀን ናፍቆኝ ነበር። አላጠፋሁትም፤ ለራሴ ይቅር ያላልኩት ይሄንን ነው።

ከኋላ ጎረምሶቹ «አክተር አይሞትም!» እያሉ ጮኹ። በቪዲዮ ቤት ወግ አክተር የሚባለው የፊልሙ ዋና ሰው ነው፣ እሱም ሁሌ ይተርፋል። ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላን ማረፊያ ታየ፣ ከዚያ ሣጥን ወረደ።

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። የራሷ ልጅ፣ የራሷ እህት እዚያ ያለች ሁሉ አለቀሰች። ቀጥሎ አንዷ ዞራ እናትየውን አቀፈቻቸው፤ ሌላዋም ተከተለች። ብርሃን እንዲገባ በሩን በረገድኩት። እሳቸው አያለቅሱም ነበር። በሰው መሀል አሻግረው እኔን አዩኝ።

«መቼ ሰማችሁ?» አሉኝ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተበት ሰው በሰበብ ይጠራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ መቀመጫ ይዘጋጅለታል፣ ነገሩም ከሩቅ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይደረስበታል። እኔ ይህን ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሳላጎድል አድርጌዋለሁ።

«ፊልም ነው እናቴ! ፊልም ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«አዎ ልጄ» አሉኝ በርኅራኄ። መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ ትንሽ አሟት ነው እንጂ ደህና ናት ብሎ ነው የሚጀምረው። በካድኩ ቁጥር የበለጠ አመኑኝ።

በማግስቱ ቤታቸው ለቅሶ ተቀመጡ። መሳሳታቸውን ሊነግራቸው የሄደው ሰው በዛ፤ በዛና ቤቱን የእውነት ለቅሶ ቤት አስመሰለው። እህቴ ደረሰች። የተናገረችኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፣ ሲያንሰኝ ነው። አብረን ሄድን።

እናትየው የእህቴን እጅ ይዘው፣ «አንቺ እዚያ ኖረሻል፤ አውቀሽ ነው በእሱ ያስነገርሽኝ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አብሽር ልጄ፣ አልተቀየምኩህም። ዝም ብትሉኝ ስጠብቅ እሞት ነበር» አሉኝ።

«አልሞተችም እናቴ!» አልኩ።

«እንግዲያው ማልልኝ። ልጅሽ አለች ብለህ በአላህ ማልልኝና አሁን እነሣለሁ።»

ልምልላቸው አፌን ከፈትኩ። ልጅቱ ትኑር አትኑር ግን አላውቅም። እህቴን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች፣ እሷም አታውቅም። እናትየው ከለቀስተኞቹ መሀል አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«በቃ ልጄ» አሉኝ። «ተቀመጥ።»