ኒልስ ሃውገን ትምህርት ቤት የገባበት መኸር

ኒልስ ሃውገን ሁለት ዓመት ሙሉ የክሬስተን ኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ በወረቀት ላይ። መዝገቡ «የእጅ ጽሕፈት ተማሪ» ይለዋል። በእውነቱ ግን የኮሌጁን ደጃፍ አልፎ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የደወሉ ማንጠልጠያ ተሰብሮ ሊጠግን። ኒልስ አንጥረኛ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥበት ቤት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የፈረሱን ኮቴ ብረት የሚያስመታው እሱ ጋ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ባለትዳር ነው፣ ትከሻው የበር ስፋት ያክላል። በመኸር ወራት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የቆዳ ሽርጡን አውልቆ የኮሌጁን ማልያ ይለብስና ይጫወታል። ይህን የማያውቅ አልነበረም። ሌሎቹ ኮሌጆችም እንደዚያው ስለሚያደርጉ ማንም ማንንም አይከስም።

ጨዋታው እግር ኳስ ይባል እንጂ እኛ ዘንድ ኳሷ በእቅፍ ተይዛ ነው የምትሮጠው። ከፊት ሰባት ሰው መስመር ሠርቶ ከተጋጣሚው ሰባት ሰው ጋር ይገፋፋል፤ ከኋላ ያለው ኳሷን ይዞ በተከፈተው ቀዳዳ ይሾልካል። በ1899 እኔ የመስመሩ ግራ ጫፍ ነበርኩ፤ ኒልስ ከጎኔ። ከእሱ ጎን መቆም ግድግዳ ተጠግቶ እንደመቆም ነው፤ ነፋሱ አይደርስህም።

በዚያ መስከረም አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ከዚያ በፊት አሰልጣኝ የሚባል ኖሮን አያውቅም፤ የሚያዘን አምበላችን ሃርላን ዳውድ ነበር። ሚስተር ፔክ ከአገሪቱ ምሥራቅ የመጣ፣ ሒሳብ የሚያስተምር፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ቀጭን ሰው ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ቀን አሰለፈንና እያንዳንዳችን ምን እንደምናጠና ጠየቀ። ላቲን፣ ታሪክ፣ ሒሳብ እያልን ኒልስ ጋ ደረሰ። የኒልስን ዕድሜ አየና አንቱ አለው።

«እርስዎስ ምን ያጠናሉ?»

«ፈረስ» አለ ኒልስ።

ሳቅን። ሚስተር ፔክ አልሳቀም።

«ክፍል ይገባሉ?»

«ፈረሶቹ ናቸው እኔ ጋ የሚገቡት።»

«እንግዲያው መጫወት አይችሉም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዳውድ አላስቻለውም። «ሚስተር ፔክ፣ ያለ ኒልስ እኮ መስመራችን ወንፊት ነው።»

«ወንፊት ይሁን። የተማሪ ወንፊት ይሁን እንጂ።»

«የማርሎ ኮሌጅ ሰዎችስ? እነሱ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ አይደል እንዴ የሚያሰልፉት?»

«እኔ የማርሎ አሰልጣኝ አይደለሁም።»

ኒልስ ጆሮው ቀላ። ማልያውን አወለቀ፣ በጥንቃቄ አጣጠፈና ለዳውድ ሰጠው። ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞር አለ።

«ብገባስ?»

«የት?» አለ አሰልጣኙ።

«ክፍል።»

«አንድ ወር ሳያቋርጡ ከገቡ፣ ፈተናም ካለፉ፣ ይጫወታሉ።»

እኛ ቀልድ መስሎን ነበር።

ከብረት ሥራው ጋር የማይጋጨው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚሰጠው፣ እኔም የምወስደው የሚስ አቦት የዕፅዋት ትምህርት። ገበሬዎቹ ከተማ የሚደርሱት ከዚያ በኋላ ስለሆነ ነው። ሰኞ ዕለት ኒልስ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጣ። የተማሪው ወንበር አልበቃው ሲል መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሚስ አቦት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ናቸው። ልጣጩ የተነሳ የእንጨት ቁራጭ አንስተው ሰጡት።

«ሚስተር ሃውገን፣ ይህ የምን ዛፍ ይመስልዎታል?»

ኒልስ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና አሸተተው። «ኦክ ነው፤ ነጩ። ቀዩ ቢሆን ሽታው ይኮመጥጣል። ሲነድማ ይብሳል።»

«መጽሐፉ ይህን አይልም» አሉ። ቀጥለውም ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉት።

ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። በዕድሜ የገፋች ሴት፣ የተማረች ሴት፣ እሱ የተናገረውን ስትጽፍ አይቶ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀርቶ አያውቅም።

የቸገረው መጻፉ ነው። እንግሊዝኛን ጆሮው እንደሰማው ነበር የሚጽፈው። ሚስቱ ኢንገቦር ግን ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች። ከሰዓት በኋላ ብረት በሚቀጠቅጥበት ቤት በር ላይ ተቀምጣ ስታነብለት፣ እሱ ኮቴ እየሞረደ ከሥር ከሥሯ ሲደግም መንገደኛው ሁሉ ይሰማል።

«አሁን ፊደሎቹን አንድ በአንድ» ትለዋለች።

«ፈረሱ እየሰማ አይሆንም። ያፍርብኛል።»

«ከፈረሱ በፊት እኔ አፍሬብህ ጨርሻለሁ። በል ቀጥል።»

በዚያ ወር እኛ ሁለት ጨዋታ ተሸነፍን፤ የመጀመሪያውን ሃያ ስምንት ለዜሮ። ሚስተር ፔክ ፀጉር ሊስተካከል ሲገባ እዚያ ቤት ወሬ ይቆም ነበር። እሱ ምንም እንዳልሆነ በየቀኑ ሜዳ ያወጣናል። ሰሌዳ ላይ አሥራ አንድ ነጥብ ይስልና እያንዳንዳችን ወዴት መሄድ እንዳለብን ያሳየናል። ከዚያ በፊት ሁላችንም ኳሷ ወዳለችበት ነበር የምንሮጠው። ዝቅ ብሎ መግፋትን፣ አንድ ላይ መነሳትን፣ ዝም ብሎ መጫወትን አስተማረን። ከሁሉ የከበደን ዝም ማለቱ ነው።

በጥቅምት አጋማሽ ኒልስ ተፈተነና ሰባ አንድ አገኘ። ወረቀቱን ከወናፉ በላይ ግድግዳው ላይ በምስማር መታው። ፈረስ ይዞ የመጣ ሁሉ ሳያነበው አይወጣም። በዚያ ቅዳሜ ማልያውን መልሶ ለበሰ፤ ከዚያም በተከታታይ ሦስት ጨዋታ አሸነፍን። እንደ ድሮው በጉልበቱ ብቻ አልነበረም። «ሚስተር ሃውገን፣ በሩን አይግፉት፤ ማጠፊያውን ይንቀሉት» ይለው ነበር አሰልጣኙ። ኒልስ ማጠፊያ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ወዲያው ገባው።

ማርሎን የምንገጥመው በኅዳር መጨረሻ፣ በምስጋና ቀን በዓል ነበር። ያን ሳምንት ሰኞ ሁለተኛው ፈተና ሆነ። ማለፊያው ስልሳ ነው፤ ኒልስ ሃምሳ አራት አመጣ። ካላለፈ ደግሞ አይጫወትም።

ዳውድና እኔ ሚስ አቦት ዘንድ ሄድን።

«ስድስት ነጥብ ብቻ እኮ ነው» አለ ዳውድ።

«መጨመር አያቅተኝም፤ እርሳሱ እጄ ላይ ነው» አሉ። «ግን መጀመሪያ እሱን ጠይቁት።»

ኒልስ የበቅሎ እግር ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። የመጣንበትን ነገርነው። ሁለት ምስማር መትቶ ጨረሰ።

«አይጨምሩልኝ።»

«ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ስድስቱን እንዲያው ከሰጡኝ፣ ያኛው ሰባ አንድ የራሴ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ዳውድ ተናደደ። «የአንድ ቅጠል ስም ስለረሳህ ከተማውን ሁሉ ልታስሸንፍ ነው?»

«ስሙን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ቅጠሉ ምን አጠፋ።»

ዳውድ በሩን ሳይዘጋው ወጣ። እኔ ትንሽ ቆየሁ። ኒልስ ግድግዳው ላይ የመታውን ወረቀት አንዴ ቀና ብሎ አየና የበቅሎዋን ሌላ እግር አነሳ።

የምስጋና ቀን ብርዱ ጠንክሮ ዋለ። ኒልስ ካፖርቱን ለብሶ ሜዳውን ከከበበው ገመድ ወዲያ ከሕዝቡ ጋር ቆመ፤ ኢንገቦር ክንዱን ይዛለች። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ጥቂት ጥቂት እያሉ ራቅ አሉ። እኛ ደግሞ ያለ እሱ ፍዳችንን እናያለን። የማርሎ መስመር ቀኝ ጫፍ ላይ ያ የወፍጮ ቤት ሰውዬ ቆሟል፤ በገፋኝ ቁጥር ሣሩ ላይ እተኛለሁ። እረፍት ስንወጣ ስድስት ለዜሮ እየመሩን ነበር።

በእረፍቱ ኒልስ ገመዱን አልፎ አሰልጣኙ ዘንድ መጣ።

«ያ ትልቁ ሰውዬ ሊገፋ ሲል ክብደቱን አስቀድሞ ግራ እግሩ ላይ ይጥላል። የሚራገጥ ፈረስም እንዲሁ ነው።»

ሚስተር ፔክ ወደ እኔ ጠቆመው። «ለእሱ ይንገሩት።»

ኒልስ ጎንበስ ብሎ አሳየኝ። «ዓይኑን አትይ፤ ጫማውን እይ። ተረከዙ መሬቱን ሲጫነው ገለል በልለት፤ ራሱ ይወድቅልሃል።»

እንዳለው ሆነ። ሰውዬው ተረከዙን ሲጫን ገለል እላለሁ፤ እሱ ባዶውን ገፍቶ በአፍንጫው ይደፋል። ዳውድ በዚያ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ አለፈ፤ በሁለተኛው የሜዳው ጫፍ ድረስ ሮጠና አምስት ነጥብ አገኘን። ከዚያ በኋላ ኳሷን በእግር መትቶ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ያሳለፈ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል፤ አቻ ለመውጣት የቀረችን ያቺ አንዲት ምት ነበረች። ኳሷ እንጨቱን መታችና ተመለሰች። ስድስት ለአምስት ተሸነፍን።

ሕዝቡ ተበተነ። ሚስተር ፔክ መጀመሪያ የጨበጠው ኒልስን ነው፤ ሁላችንም አይተናል። ከተማው ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ነገሩን አልተወውም፤ ፈረሳቸውን ወደ ሌላ መንደር የወሰዱም ነበሩ። ዳውድ እስከ ገና አላናገረውም። በኋላ የፈረሱ ብረት ሲወልቅ ይዞት መጣ፤ ሁለቱም ስለ በረዶው አወሩና ተለያዩ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ኒልስ ከዓመታት በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «እዚያ ገመድ ጀርባ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ዳውድ ሲያልፍ ደግሞ ጮህኩ። ኢንገቦር ሰው ያየናል ብላ ቆነጠጠችኝ።»

በታኅሣሥ እንደገና ተፈትኖ ስልሳ ስምንት አገኘ። በቀጣዩ መኸር ተጫወተ፤ ከዚያ ጉልበቱ ታመመና ጨዋታውን ተወ። ሚስተር ፔክም ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። ክፍል መግባቱን ግን ኒልስ አልተወም፤ በየወቅቱ አንድ ትምህርት እየወሰደ ዓመታት አለፉ። አልተመረቀም፤ ስለ መመረቅም ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም። ገበሬዎቹ ከፈረሱ ጋር ያላወቁትን አረም እየነቀሉ ያመጡለት ጀመር። እያገላበጠ አይቶ ስሙን ይነግራቸዋል፤ ካላወቀው «ነገ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ይላል፤ ይነግራቸዋልም።

በዓለም ጦርነቱ ዓመታት ስንዴያችንን ዋግ መታው። ዋጉን የሚያዛምት እሾሃማ ቁጥቋጦ መኖሩን ኒልስ ያውቅ ስለነበር፣ አካፋ ይዞ ከእርሻ እርሻ እየዞረ አስነቀለ። በመጨረሻ የራሱ ቤት ደረሰ። ኢንገቦር የአጥሩን ጥግ በዚያው ቁጥቋጦ አስጊጣው ነበር። እኔ በመንገዱ ሳልፍ መቆፈር ጀምሯል።

«ሃያ ዓመት ያሳደግኩት ነው» አለችው።

«አውቃለሁ። የሚያምር ነው» አለና መቆፈሩን ቀጠለ።

ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባችና ሌላ አካፋ ይዛ ወጣች።