አሥር ደቂቃ የሚቀድመው ሰዓት

«ደጅ ደጁን እያየሁ ቀኑ መሸ ነጋ፣
እም… እም… እም… ልቤ ካንቺው ጋ።»

መሃሉ ጠፍቶባታል። ባሏ ሲዘፍነው ሙሉ ነበር። ያኔ የእሷ ጆሮ በዜማው ብቻ ረክቶ ቃሉን ለእሱ ትቶለት ኖሮ፣ እሱ ሲሄድ የዘፈኑን ወገብ ይዞባት ሄደ። አሁን መሪውን በግራ እጇ እንደ ሰው ትከሻ እየዳበሰች፣ በቀኟ ቁልፉን ይዛ፣ የጎደለውን በ«እም» ትሞላዋለች። ከዚያ ቁልፉን ታዞረዋለች። ሞተሩ ካልጋው ለመነሳት ክንዱን እንደሚመረኮዝ ሽማግሌ «ኧ… ኧ… ኧ…» ይላል። የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፣ እሷም ትንፋሿን ትይዛለች። በቃ፣ አበቃለት ሲባል ይነሳል። «ተባረክ» ትለዋለች።

የሰፈሩ ሰው እትዬ ደረስኩ ይላታል። መጋረጃ ሰፊ ናት። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲጠራት፣ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ፣ ጨርቁ ከጉልበቷ ሳይወርድ፣ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ትላለች። በሰዓቱ የደረሰችበት ቀን ግን አይታወቅም። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከሰዓት ጋር ተማምሎ የኖረ ሰው፣ ሰዓት የማይገዛት ሴት አገባ።

በዕረፍት ቀኑ የሰፋችውን መጋረጃ በዚህችው አሮጌ መኪና ጭኖ፣ ረጅሙን ዘንግ በመስኮት አስወጥቶ፣ ወደ ደንበኞቿ ቤት ያደርሳት ነበር። ቀድሞ ወጥቶ መሪው ላይ ይቀመጥና ያን ዘፈን ይጀምራል። እሷ ቤት ውስጥ ጫፍ ትቀምቅማለች፣ መቀስ ትፈልጋለች፣ መቀሱን አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ታገኘዋለች። ስትወጣ ዘፈኑ ሦስት ጊዜ አልቆ አራተኛው ተጀምሯል። መኪና ውስጥ ስትገባ ደግሞ የዳሽቦርዱ ሰዓት ጉዷን ይነግራታል። ደንግጣ «ንዳ፣ ንዳ!» ትላለች። ሲደርሱ ግን ደንበኞቿ አይቆጧትም፤ እንዲያውም ዛሬስ ብዙም አልቆየሽም ይሏታል። ነገሩ ይገርማት ነበር።

ምስጢሩ የተገለጠላት ባሏ አሁን መኪናው ላይ ያለውን ባትሪ ያስገባ ዕለት ነው። እጅጌውን ሰብስቦ አሮጌውን ፈትቶ አወጣ፣ አዲሱን አሠረ፣ ኮፈኖውን ዘጋ። የመኪናው ሰዓት ጠፍቶ ኖሮ ባዶ ቁጥር ብልጭ ድርግም ያደርግ ጀመር። ምላሱን በጥርሱ ይዞ በብዕር ጫፍ ትንሿን ቁልፍ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ፣ እሷ ከጎኑ ሆና የእጅ ሰዓቷን አየች። እሱ ትክክለኛው ሰዓት ላይ ሲደርስ አላቆመም። አለፈ። አሥር ደቂቃ ጨመረበት።

«ሌባ!» አለችው።

«ቀድሜ ደርሼ ልጠብቅሽ ብዬ ነው» አላት፤ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

ከዚያ ወዲያ እያወቀችም ትሸወዳለች። ልብ ከወደደ ዓይን ቢያይ ምን ይጠቅማል።

እሱ ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል። ባትሪው ግን አለ፤ መኖር ከተባለ። ጫፎቹ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያበቅላል። እሷ ሽቦውን ሳትፈታ ሙቅ ውኃ ታፈስበትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትፈትገዋለች። አንድ ጎኑ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጭ አብጧል። መኪናዋን የምታቆመው ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ነው፤ ባትሪው ቢለግም ቁልቁለቱ እንዲያስነሳላት። ሽቦ የሚሉት የሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይመክራታል፤ ባትሪውም እንደ ሰው ጡረታ አለው፣ ያሳርፉት ይላል። እሷ ለክረምቱ፣ ከክረምቱ በኋላ፣ ብቻ ሌላ ጊዜ ትለዋለች። ሰው ስስታም አደረጋት። እሷም ስስታም ይበሉኝ ብላ ተወችው።

እንዴት ብላ ትናገረው? ባትሪው ሲፈታ ሰዓቱ ይጠፋል። መልሶ ማስቀደም አይከብድም፤ ያ ግን የእሷ አሥር ደቂቃ ይሆናል እንጂ የእሱ አይሆንም። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ ኮቱን ለወንድሙ ሰጥታዋለች። ፎቶው እንዳለ ነው፤ ኮቱም የሌላ ሰው ትከሻ ለምዷል። ይህ ሰዓት ብቻ ነው አሁንም እሱ ባስነሳው ልክ የሚራመደው። አንዳንድ ቀን ሥራ ጨርሳ ስትመለስ ሞተሩን አጥፍታ ዝም ብላ ታየዋለች። እሱ እዚያ ነው፤ ገና ያልመጣው ጊዜ ላይ ቀድሞ ደርሶ የሚጠብቃት ይመስላታል።

እንዲህ ሳለች ነው አንድያ ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሆዷ ገፍቶ ወደ እሷ የመጣችው። የልጅቷ ባል ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ሄዷል። እትዬ ደረስኩ ገና እርግዝናው ሲሰማ፣ ሐኪም ቤት የማደርስሽ እኔ ነኝ ብላ ቃል ገብታለች። ልጅቷ ግን አንድ ጠዋት የሞተሩን ማቃሰት በመስኮት ሰማችና ወጥታ በሩን ተደገፈች።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል።»

«አባትሽ የገዛው ባትሪ እንዲህ በዋዛ አይሞትም።»

«አባዬ ራሱ ሞቷል እኮ።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ልጅቷ ራሷ ደነገጠች። ቀኑን ሙሉ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ጨርቅ ብቻ ሆነ። ማታ ላይ ልጅቷ፣ ምጥ ከመጣ ታክሲ እጠራለሁ፣ አትጨነቂ አለቻት። ለእናትየው ከስድብ የባሰ ሆኖ ተሰማት።

ምጡ የመጣው በቀን ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ እትዬ ደረስኩ ምሳ ልታቀርብ ሳህን ስታወርድ። ልጅቷ የበሩን ጉበን ይዛ ተጣጠፈች። እናት ሳህኑን ጥላ ወጣች። የዚያን ዕለት ቁልቁለቱ ላይ አሸዋ የጫነ መኪና ቆሞ ስለነበር የእሷ መኪና ያደረችው ሜዳው ላይ ነው። ቁልፉን አዞረች። «ጠቅ» አለ። ደገመች። «ጠቅ።» ማቃሰቱ እንኳ ቀረ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጥሎ መጣ። ፊቱ በግማሽ ሳሙና የተቀባ ደንበኛው ተከተለው። ባለሱቁ በነጠላ ጫማው እየተንሸራተተ ደረሰ። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ ጥርሷን ነክሳለች። ገፉ። ሳሙናው የባለሱቁ ሸሚዝ ላይ ተረጨ። እሷ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ መኪናዋ ዘለለች፣ ሳለች፣ ተነሳች።

«እትዬ፣ ዛሬስ በሰዓቱ ይድረሱ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ፣ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ።

ደረሱ። ሞተሩን ለማጥፋት ፈርታ፣ የሐኪም ቤቱን ዘበኛ እንዲጠብቅላት ለምና እየሠራ ተወችው። አዋላጇ ልጅቷን መርምራ፣ ምጡ የእውነት እንዳልሆነ፣ ቤት ሄዳ እንድታርፍ ነገረቻቸው። የእውነቱ መቼ እንደሚሆን ሲጠይቋት፣ ከሳምንት በኋላም ዛሬ ማታም ሊሆን ይችላል፤ ሲመጣ ግን አስፈቅዶ አይመጣም አለች።

በመልሱ ልጅቷ ከኋላ ወንበር ወደ እናቷ ጠጋ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲገፉን፣ እማዬ፣ በጣም ፈርቼ ነበር» አለች። እናትየው መሪውን አጥብቃ ያዘች። ልጅቷ ቤት ገብታ ጋደም ስትል፣ ሽቦን ጠርታ አዲስ ባትሪ ይዘህልኝ ና አለችው።

ፈጥኖ መጣ። ኮፈኖውን ከፍቶ ያበጠውን ጎን አየና፣ እስካሁን የሠራው በጸሎት ነው አለ። መፍቻውን ብሎኑ ላይ ሲያደርግ፣ «ቆይ» አለችው። ነገረችው። ለማንም ያልተናገረችውን፣ ዓይኗን ከጎማው ሳታነሳ፣ ሁሉንም ነገረችው።

ሽቦ አልሳቀም። ራሱን በመፍቻው ጫፍ አከከ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አሉ፣ እትዬ። ይሄ እኮ መላ አለው። ትንሽ ባትሪ አለችኝ፤ እሷን በሽቦ አገናኝቼ፣ ሰዓቱ ሳይጠፋ ዋናውን እቀይረዋለሁ። ግን ትናንት ለጓደኛዬ አዋስኳት። ነገ ጠዋት ይመልስልኛል። አንድ ሌሊት ብቻ ይታገሱኝ።»

ሁለት ክረምት የተሸከመችው ፍርሃት ይህን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ሌሊት። እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ ቤቱ መስኮት አየች። ከመጋረጃው ጀርባ ልጇ ተኝታለች። አሸዋ የጫነው መኪና ቁልቁለቱ ላይ እንደቆመ ነው። የአዋላጇ ቃል ጆሮዋ ውስጥ አለ።

የመኪናውን በር ከፍታ ገባች፤ መሪው ላይ ተቀመጠች። ሰዓቱ ገና ያልመጣውን ጊዜ ያሳያል።

«ፍታው» አለች።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት እኮ…»

«የልጅ ልጄ እስከ ነገ ጠዋት ይጠብቀኛል ያለህ ማነው? ፍታው፣ የኔ ልጅ።»

ዓይኗን አልጨፈነችም። አረንጓዴዎቹ ቁጥሮች ደህና ሁኚ ሳይሏት ጠፉ። ጥቁሩ መስታወት ላይ የቀረው የራሷ ፊት ነው። እሷም ያን ፊት ጥቂት አየችው፤ ያረጀ ፊት ነው፣ ግን ደህና ነው። ሽቦ አዲሱን አሥሮ አስነሺ ሲላት፣ ቁልፉን ገና ነካ ስታደርገው ሞተሩ ተነሳ። እንደዚህ ያለ ጤነኛ ድምፅ መኖሩን ረስታው ነበር።

ሽቦ ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላም እንደተቀመጠች ቆየች። ልጅቷ ድምፁን ሰምታ፣ ወገቧን ይዛ፣ ቀስ እያለች መጥታ ጎኗ ተቀመጠች። እናቷ ማልቀሷን አየች፤ ከዚያ ባዶውን ሰዓት አየች።

«የአባዬ አሥር ደቂቃ?» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«እኔንም ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ በዚሁ ሰዓት አልነበር? እኔ እኮ፣ እማዬ፣ ለገንዘቡ ሳስተሽ መስሎኝ…» ቀሪውን ዋጠችው፤ የእናቷን እጅ ሳበች። ትንሽ ቆይታ ጣቷን ትንሿ ቁልፍ ላይ አደረገች። «ስንት ላድርገው?»

እናትየው አሰበች።

«የሆነውን አድርጊው» አለች። «እሱ ይበቃዋል፤ ብዙ ጠበቀኝ።»

ልጅቷ እየቆጠረች ትክክለኛው ላይ አቆመችው። ተያይዘው ገቡ። ወለሉ ላይ የወደቀው ሳህን ጫፉ ተሸርፏል እንጂ አልተሰበረም። ልጅቷ በላዩ ዳቦ ቆረሰች፤ የምሳውን ሾርባ ላሙቀው ስትል እናቷ እምቢ አለች፤ ቀዝቃዛው ይሻለኛል፣ አሁኑኑ ስጪኝ አለች። ከጠዋት ጀምሮ እህል ባፏ አልዞረም ነበር። ወንበር ሳበች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች።