ጥለት የሌለው ቀሚስ

ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ካለው ግቢያችን በስተጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይተው የሚኖሩ ህንዳውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ሚስቱ ቤት ትውላለች። እሱን ሰፈሩ በሙሉ «ሚስተር» ይለዋል፤ እሷን እኔ «ሚስስ» እላታለሁ፤ እናቴ ግን «እታለም» ነበር የምትላት፣ እንደ እህቷ። ጎንደር ከመምጣታቸው በፊት በሌላ የአገራችን ከተማ ብዙ ዓመት ስለኖሩ ሚስስ አማርኛ ትችላለች፤ ወንድና ሴት መለየት ብቻ ነው ያቃታት። እኔንም፣ እናቴንም፣ ዶሮዎቻችንንም «አንተ» ትለናለች። እኔም «እርስዎ» ስላት ማንን እንደጠራሁ ዘወር ብላ ስለምትፈልግ፣ እንደ እናቴ «አንቺ» እላት ነበር።

አባቴ የሞተው እነሱ ከመግባታቸው በፊት ነው። እናቴ ከል ለብሳ ነበር፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ሹራብ። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ዘመዶቿ «ይበቃል፣ አውልቂው» ቢሏትም እሺ አላለችም። ብቻ ማታ ማታ ጥጥ ትፈትል ጀመር። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ከሌን ሳወልቅ የምለብሰው ነው» አለችኝ። «ጥለት ግን አይኖረውም። ከሐዘን ለሚወጣ ሰው ነጭ ብቻ ይበቃዋል።» እንዝርቷ ሲሽከረከር እያየሁ፣ እናቴን እንደገና በነጭ የማይበትን ቀን እናፍቅ ነበር። ጥቁሩ ከልብሷ አልፎ ቤታችን ውስጥ ሁሉ የተሰቀለ ይመስለኝ ነበርና።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ድርግም ሲል፣ እኔ ወደ ሚስስ እሮጣለሁ። ሚስስ ከእናቴ ጥጥ ቆንጠር አድርጋ በመዳፏ ታሸውና፣ በትንሽ የነሐስ ሳህን ካለው ዘይት ነክራ ታበራዋለች። ከሰል ምድጃው ላይ ወተትና ሻይ አንድ ላይ ይፈላል፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ገብቶበት፤ ኮረሪማው የአገሯን ቅመም እንደማይተካላት ሳታማርር የዋለችበት ቀን የለም። ሚስተር ጥግ ይዞ በሻማ የተማሪ ወረቀት ያርማል፤ የከሰሉ ጢስ ዓይኑን ሲያቃጥለው መነጽሩን እያወለቀ ይጠርጋል። እሷ እጇን ባነሳች ቁጥር የብርጭቆ አምባሮቿ ይንሿሿሉ፣ ከዚያ ወሬው ይቀጥላል።

«ህንድ አንድ አይደለም» ብላ ነበር ሁልጊዜ የምትጀምረው፤ እኔ ያኔ የተረት መክፈቻቸው ይመስለኝ ነበር። «ይሄ ግቢ አለ አይደል? በሩ አንድ፣ ቤቱ ብዙ። ህንድ እንደዚህ ነው።» ከዚያ ቤቶቹን አንድ በአንድ ትከፍትልኛለች። በአንደኛው ፀጉራቸውን ዕድሜ ልካቸውን የማይቆረጡ፣ በረጅም ጨርቅ የሚጠመጥሙ፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ደሃ ሀብታም ሳይሉ መሬት አስቀምጠው የሚያበሉ ሰዎች አሉ። በሌላው ትንኝ እንኳ እንዳይገድሉ አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው የሚሄዱ መነኮሳት አሉ። በበረሃው አገር ሴቶቹ ፍም የመሰለ ቀይ ለብሰው ውኃ ይቀዳሉ። በባሕሩ ዳር እንደኛ የሚጾሙና የሚያስቀድሱ ክርስቲያኖች አሉ ስትለኝ፣ በረንዳ ላይ የምትፈትለው እናቴ፣ «እውነትሽን ነው እታለም?» ብላ ጮኸች። በዓመት አንድ ቀን ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ቀለም ይቀባባል፤ ሌላ ቀን ደግሞ በየደጃፉ መብራት ይደረደራል። ሙሽራይቱ እንኳ በየቤቱ ሌላ ናት፤ እዚህ ቀይ፣ እዚያ ቢጫ፣ ባሕሩ ዳር ደግሞ ጠርዙ ወርቅ የሆነ ነጭ ትለብሳለች።

የሚስስ የራሷ ቤት በደቡብ፣ ሩዝ በሚበቅልበት ቆላ ነው። እዚያ ሴት ጠዋት ስትነሳ ደጃፏን ትጠርግና በሩዝ ዱቄት ታስጌጠዋለች። ሚስስም ማራኪ መጥታ አልተወችውም። በሁለት ጣቷ ዱቄቱን እያንጠባጠበች ነጥቦች ትደረድራለች፤ ከዚያ በነጥቦቹ መሀል አንድ መስመር እያዞረች፣ መስመሩ ተመልሶ የተነሳበት እስኪገባ ድረስ ቀና አትልም። እናቴ መጀመሪያ ያየች ዕለት፣ «ምነው እታለም፣ እህል መሬት ትደፊያለሽ?» አለቻት።

«አልደፋም። ጉንዳን ይበላል። እሱም እንግዳ ነው።»

እናቴ ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ስታልፍ ዱቄቱን እንዳትረግጥ ቀሚሷን ሰብስባ ትዘላለች።

በኅዳር አንድ ምሽት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ ሚስስን ጠየቅኋት። እናንተ አገር ሰው ሲሞት ጥቁር አትለብሱም ወይ አልኳት። ሚስተር ከወረቀቱ ቀና አለ።

«በሌላ ቤት አላውቅም» አለች ሚስስ። «በእኛ ቤት ባል የሞተበት ነጭ ይለብሳል። አምባር ይሰብራል። ይሄን ያጠፋል» ብላ ግንባሯ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ ነካች። «ደጃፍም አያስጌጥም። ባል ያለው ሰው ግን እንዲህ ነጭ ብቻ አይለብስም። ክፉ ነው። ሞትን እንደ መጥራት ነው።»

ሚስተር በቋንቋቸው አንድ ነገር አላት፤ ሳቀችና ወሬውን ተወችው። ካወራችልኝ ሁሉ ቃል በቃል የሚታወሰኝ ይህ ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ ሚስተር ታመመ። ኩላሊት ነው አሉ። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ አለው፤ ማስተማሩን ትቶ ቤት ዋለ። ሚስስ ከሐኪም ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሐኪም ቤት ስትመላለስ ፊቷ ተሟጠጠ። ማታ ማታ ብሄድም ወሬ የለም፤ ከሰሉ ብቻ ይንጣጣል።

በዚያው ሰሞን እናቴ ፈትሏን ይዛ ሸማኔው አያ ታደገ ዘንድ ሄደች። ከሏን ልታወልቅ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ አወራሁ። የከተራ ዕለት ጠዋት የተሰፋውን ቀሚስ በነጠላ ጠቅልላ፣ «ነይ፣ አብረን እንስጣት» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለእታለም ነዋ። ባሏ ታሞባት እሷም ከሰል መሰለች። ነጭ ትልበስ፣ ታቦት ትሸኝ፣ ትንሽ ልቧ ይብራላት። እኔ ከለመድኩት ጥቁር ጋር እቆያለሁ።»

ሚስስ ስለ ነጭ ያለችኝን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን አባቴ ከሞተ ወዲህ የእናቴን ፊት እንደዚያ ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም። ለራሷ የፈተለችውን፣ ምሽቷን ሁሉ ያፈሰሰችበትን ልትሰጥ ነው፤ በዚያ ላይ ምን ብዬ ልናገር? ደግሞ ህንድ አንድ አይደለም አልኩ በልቤ። ባሕሩ ዳር ሙሽራ ነጭ ትለብስ የለ? እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልኩ፣ ሚስስ «በእኛ ቤት» እንዳለችኝ እያወቅሁ።

ሚስስ ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ፈታችውና የቀሚሱን ታች በጣቶቿ እየያዘች ዙሪያውን አዞረችው፣ አንዲት የቀለም ክር እንደሚፈልግ ሰው። የለም። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ እግሬን አየሁ።

«ሸጋ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ከእናቴ በተማረችው ቃል፣ አንገቷንም አቅፋ ሳመቻት።

በማግስቱ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስለምትጠብቃት ለብሳው ወጣች። ሚስተር ከአልጋው ሆኖ አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በጥምቀተ ባሕሩ ሕዝቡ እልል እያለ ውኃው ሲረጭ፣ ሚስስ አጠገቤ ቆማ ትንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ብርድ መስሏት ጥቁር ጋቢዋን ደረበችላት።

ሚስተር የሞተው ከጥምቀት በኋላ በዘጠነኛው ቀን፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ነው።

ሬሳው ወደ አገሩ የሚላክበት ወረቀት እስኪያልቅ አራት ቀን ፈጀ። አራቱንም ቀን ሚስስ እኛ ቤት ፍራሽ ላይ ያን ቀሚስ ለብሳ ተቀመጠች። ክንዷ ባዶ ነው፣ ግንባሯ ባዶ ነው። ደጃፏም ባዶ ነው፤ ጉንዳኖቹ መጥተው ሲዞሩ ውለው ሄዱ። የሰፈሩ ሴቶች ጥቁር በጥቁር ሆነው ገቡና መሀላቸው ነጭ ለብሳ ሲያዩዋት ተያዩ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምነው ይቺ ሴት፣ ባሏ ሳይቀበር እንደ በዓል ትለብሳለች?» አለች።

«ተይ እባክሽ» አለቻት እናቴ። «የሰጠኋት እኔ ነኝ። ወዳው ነው። የእኔ ልብስ ካጽናናት ምን አለበት?»

ሞቱን በዝምታዬ የጠራሁት እኔ መሰለኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰው ገደልኩ ብላ ስታስብ ምን እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። እህል አልወርድ አለኝ፤ እናቴ ለሚስተር አዝኜ መስሏት የበለጠ አቀፈችኝ።

ልትሄድ ሻንጣዋን ስትዘጋ ገባሁ። ከበሩ ኋላ የአምባር ስባሪ ተጠርጎ ተከምሯል። «አውቅ ነበር» አልኳትና ማልቀስ ጀመርኩ። «ቀሚሱን ስንሰጥሽ አውቅ ነበር።»

«እኔ ለአንተ ነገርኩ፣ እንዴት አታውቅም?» አለችኝ። አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ሚስተር በቀሚስ አልሞተም፣ በኩላሊት ነው። ስማ። በእኛ መንደር ባል ሲሞት ያን ነጭ የሚያመጣው ማነው? የተወለድክበት ቤት ነው። እናት፣ ወንድም። እኔ እዚህ እናት የለም፣ ወንድም የለም። እናትህ አመጣ።» የቀሚሱን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። «ቀደም አለ እንጂ፣ አመጣ።»

ከዚያ በአውራ ጣቷ እንባዬን ጠርጋ፣ «ለእሱ ግን አትንገር» አለችኝ። እናቴን ማለቷ ነበር። «ለእናት በጭራሽ አትንገር።»

በዚያው ቀሚስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየናትም።

እናቴ ሌላ ነጭ አልፈተለችም። ከሏን ከሦስት ዓመት በኋላ ስታወልቅም ከገበያ በተገዛ ቀሚስ ነው። ግን በየጥምቀቱ፣ እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር፣ ተረት ነጋሪዋ እሷ ሆነች። «አንዲት ህንዳዊት ነበረች» ትላለች። «በእጄ የፈተልኩትን ሰጥቻት አራት ቀን ሙሉ ከገላዋ አላወለቀችውም። በአውሮፕላንም እሱን ለብሳ ሄደች። እንደዚያ የተወደደልኝ ስጦታ የለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አይደል እንዴ?» ትለኛለች። «ነው እማዬ» እላለሁ። ይህን ያህል ዓመት «ነው» ስል ኖሬያለሁ።

አሁን የምኖረው አይከል ከተማ ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ እናቴን ለማየት እመጣለሁ። አምና የመጣሁ ጊዜ ወደ አማርኛ የተመለሰ የህንድ ድራማ እያየች ነበር። ሻይ ልቀዳ ተነስቼ ስመለስ፣ ባሏ የሞተባትን ወጣት አሮጊቶች ከበዋታል። አምባሯን ሰበሩ። የግንባሯን ቀይ ጠረጉ። ከዚያ አንዷ የታጠፈ ነጭ ልብስ ዘርግታ አለበሰቻት፣ ምንም ቀለም የሌለው። ሪሞቱ እናቴ ጭን ላይ ነው። ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

እስኪያልቅ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «ያቺ እታለም ‹ህንድ አንድ አይደለም› ትልሽ አልነበር?» አለችኝ።

«ትለኝ ነበር።»

«እንግዲያ የእሷ ቤት ሌላ ነው።»

«ሌላ ነው እማዬ» አልኳት። «ባሕሩ ዳር ሙሽራም ነጭ ትለብሳለች።»

በልጅነቴ ራሴን ያታለልኩበትን ቃል አንስቼ ለእሷ ሰጠኋት፤ ከሚስስ ወሬ ሁሉ ልሰጣት የምችለው እሱን ብቻ ነበር። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ሻይዋን ተቀበለችኝ፤ ሌላ አልጠየቀችኝም።

ዘንድሮ ለጥምቀት እንግዶች መጡ። እትዬ በላይነሽ ለልጅ ልጆቿ ልታሰማቸው ብላ፣ «እስቲ የዚያችን ህንዳዊትና የቀሚሱን ነገር አውሪልን» አለቻት። እናቴ ጭኗ ላይ ያለውን ነጠላ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ መልሳ ስታጥፍ ቆየች።

«ረሳሁት» አለች።