ኖር ላለመባል

አያ እንዳላማው፣ ጣሊያን በአማኑኤል በኩል በሚያስቆርጠው መንገድ ላይ ድንጋይ ይጠርቡ ነበር። ከእኛ ከጠራቢዎቹ መሀል መዶሻ አያያዝ ያላስተማሩት ሰው አልነበረም። ጧት ሲመጡ ሁላችንም ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን፤ እሳቸውም «በእግዜር! ተቀመጡ» ይሉናል። ሳይሉን የሚቀመጥ የለም።

ጣሊያኑ አለቃችን ይህን ሥራ መፍታት ነው አለ። አንድ ቀን፣ ከገባሁ ሳምንት ያልሞላኝን እኔን፣ «ለምን ተነሣህ?» ብሎ በጅራፍ ገረፈኝ። እንግዲህ ለታላቅ መነሣትም ወንጀል ሆነ! አያ እንዳላማው ጀርባዬን አዩት።

ከማግስቱ ጀምሮ ከሁላችን ቀድመው መጥተው፣ ተቀምጠው ይጠብቁን ጀመር። ቀድሞ ለተቀመጠ ሰው የሚነሣ የለም፤ የሚገረፍም አይኖርም። ታኅሣሥን ሙሉ በዚያ ውርጭ እንዲህ ሰነበቱ።

አንድ ጧት ስንደርስ እንደ ልማዳቸው ድንጋያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ላይ አመዳይ ጋግሮበታል። እጃቸውን ያዝሁት፤ ደርቋል።

በቃሬዛ ተሸክመናቸው በመንገዱ ስናልፍ፣ ተቀምጦ የሚጠርበው ሁሉ «ኖር!» እያለ ብድግ አለ። ጣሊያኑ ጅራፉን እያጮኸ መጣ። «ተቀመጡ» የሚሉን እሳቸው ነበሩ፤ እንደ ቆምን ቀረን።