የቅበላው አልፎርኖ

እናቴ አልፎርኖ የምትሠራው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዐቢይ ጾም ቅበላ ነበር። ሌላ ቀን ብንለምናት፣ ብናለቅስ፣ ብናኮርፍ አትሠራም። ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤው፣ አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ባጠቃላይ ጾም የሚከለክለው ነገር ሁሉ ከመኮሮኒው ጋር በአንድ ትሪ ተደራርቦ ይጋገርና እሑድ ማታ እሱን በልተን እስከ ፋሲካ እንለያያለን። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ "በሉ ተሰነባበቱት" ትለን ነበር። ሌላ ሰው ቤት ቅበላ ማለት ጥሬ ሥጋና ክትፎ ነው። እኛ ቤት ግን መኮሮኒ ነው። አሰላ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ቤት ካለ እኔ አልሰማሁም።

ሙያውን ያመጣችው ከፈረንጆች ግቢ ነው። ገና ልጅ ሳለች፣ ለእርሻ ሥራ እዚህ አሰላ መጥተው የነበሩ ፈረንጆች ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትረዳ ነበር። ሴትየዋ ስትሠራ እያየች ተማረችና የራሷን ቤት ስትይዝ እንደ ልቧ አደረገችው። ነጩን ሱጎ በተነጠረ የአገር ቅቤ ሠራችው። ከላይ የሚነሰነሰው ፎርማጆ እንደ ልብ ስለማይገኝ አይብ በእንቁላል አሽታ ቀባችው። ሥጋው ላይ ኮረሪማ ጨመረች። ያቺ ፈረንጅ ዛሬ ብትቀምሰው የራሷ ምግብ መሆኑን ታውቀዋለች ብዬ አላምንም።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለፉትን ቅበላዎች እኔና አባቴ ጥብስ በልተን ጾም ያዝን። ትዳሬን ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ቆይቷል፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ዘንድሮ ግን አልፎርኖው አማረኝ። አማረኝ ስል የሆድ ነገር አይደለም። የናፈቀኝ ያ ጠረጴዛ ነው፤ እናቴ ቆማ ስታካፍል፣ አባቴ "ለኔ ከመሃሉ" ሲሉ፣ ታናሽ ወንድሜ ትሪው ላይ የደረቀውን በማንኪያ ሲፍቅና ሲቆጡት። ሰው ጫጫታ ይናፍቀዋል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር።

ወንድሜ ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል። ጴንጤ ሆኖ፣ ጴንጤ አግብቶ ኑሮውን ጢቾ አድርጓል። መጀመሪያ ላይ አባቴ ነገሩን ዋጥ አድርገውት ነበር። አንድ የቅበላ ማታ ግን ሁላችን እጃችንን ታጥበን ስንቀርብ፣ ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጸለይ ጀመረ። ጸሎቱ ረዘመ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ። አባቴ አሜን እስኪል እንኳ አልጠበቁትም። "ለማይጾም ሰው ምን ቅበላ አለው?" አሉት። ወንድሜ ሹካውን አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ለልቅሶም ለበዓልም ይመጣል፣ የአባቴን ጉልበት ይስማል፣ ውሃ ይጠጣል። ምግብ ሲቀርብ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። አባቴም አይለምኑትም። እናቴ ይህችን "በልቼ ነው የመጣሁት" እየሰማች ስትብከነከን ኖራ አንጀቷ እንደተቃጠለ ሄደች። እኔ ደግሞ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ባየኋቸው ቁጥር ጭንቅላታቸውን ይዤ ባጋጫቸው ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ ደወልኩለት። የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከጢቾና ከዲክሲስ ስንዴና ገብስ ጭኖ ይወርዳል፣ በአሰላ ሳያልፍ የሚቀርበት ሳምንት የለም።

"አልፎርኖ ልሠራ ነው። ለቅበላ ና" አልኩት።

"አንቺ? አልፎርኖ?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁ ቀረና "አባዬስ?" አለኝ።

"አባዬማ አርጅተዋል። ደጅ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር 'ማነው እሱ?' ይሉኛል። እኔ መንገደኛ ነው እላቸዋለሁ።"

"እሺ እታለም፣ እመጣለሁ" አለኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው "እንደወደደ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ቅዳሜ ግን ጢማቸውን ተላጩ። አባቴ ዝም ብለው የሚላጩ ሰው አይደሉም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤት ገባሁ። ሥጋውን ከዋዜማው አስፈጭቼ አሳድሬዋለሁ። ሽንኩርቱን ማቁላላቱ፣ ከቲማቲሙ ጋር ሥጋውን ማብሰሉ፣ መኮሮኒውን ሳይልም አውጥቶ ማጥለሉ ማንም የሚችለው ነው። ጣጣው ነጩ ሱጎ ላይ ነው። ዱቄቱን በቅቤ ቆላ አድርጎ ወተቱን ጠብ ጠብ እያደረጉ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው፤ እጅ ካረፈ ይጓጉላል። የኔ እጅ አረፈ። የመጀመሪያውን ደፋሁት። ሁለተኛውን ስጀምር ወተት አነሰኝና በሽርጤ ጎረቤት ሮጥኩ። እናቴ ይህን ሁሉ እያንጎራጎረች ነበር የምትሠራው። ላያት ጠጋ ስል "አንቺ ሂጂ አጥኚ" ብላ ታባርረኛለች። ይኸው አጥንቼ፣ ተመርቄ፣ ሱጎ አቃተኝ። ምድጃው ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ እውነቱን ለመናገር ስለ ሱጎው ብቻ አልነበረም። እንድታባርረኝ ነበር የፈለግኩት።

ሁሉን ደራርቤ ልጋግር ስል መብራት ጠፋ። ምን ይደረጋል፣ ትሪውን ተሸክሜ ሰፈራችን ካለው ዳቦ ቤት ሄድኩ። እናቴም ድሮ የምታስጋግረው እዚያው፣ የእንጨት ምድጃው ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ሙስሊም ነው። ዳቦው የሁሉም ነው፤ የኛ ሥጋ ግን የክርስቲያን ነው። ስለዚህ የኛ ትሪ የሚገባው የቀኑ ዳቦ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ከቤት ይዘነው በሄድነው ቆርቆሮ ላይ፣ ብቻውን ነው። ይህን የተስማሙት እናቴና የአሁኑ ባለቤት አባት ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ የሉም፣ ስምምነታቸው ግን አለ።

"አካም ጅርታ እህቴ" አለኝ ሰውየው። ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየና "እናትሽ እንዲህ አታወፍረውም ነበር" ሲል ጨመረበት።

ትንሽ ቢቀረኝ ትሪውን ነጥቄው እሄድ ነበር።

ሲመሽ ጠረጴዛውን ለሦስት ሰው አዘጋጀሁ። ወንድሜ አልመጣም። ስልኩን ብሞክር ያቺ የቴሌ ሴትዮ ብቻ ናት ጥሪ አይቀበልም የምትለኝ። አባቴ ትከሻቸው ላይ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል።

"አባዬ ይብሉ እንጂ፣ እየመሸ ነው" አልኳቸው።

"ሲመጣ አብረን እንበላለን።"

እኔ በንዴት የድርሻዬን በላሁ፤ ምን ምን እንደሚል እንኳ ልብ አላልኩትም። እሳቸው አንድ ማንኪያ ሳይቀምሱ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ እኩለ ሌሊት፣ የመብሊያው ሰዓት፣ አልፎ ነበር። ትሪውን አዩና "በቃ፣ እንግዲህ ለፋሲካ ያድርሰን" ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ። ለወንድሜ የተናደድኩትን ያህል ለማንም ተናድጄ አላውቅም።

ሰኞ ጾሙ ገባ። ቅቤ የነካውን ድስት ሁሉ በፈላ ውሃ ፈገፈግኩ፤ ሹካና ማንኪያ ሳይቀር አጠብኩ፤ ቤቱ የሳሙናና የሎሚ ሽታ ብቻ ሆነ። የተረፈው አልፎርኖ ግን መላ አጣ። ለክርስቲያን ጎረቤት እንዳልሰጥ ጾም ነው፤ ለሙስሊም ጎረቤት እንዳልሰጥ ሥጋው የኛ ነው። ለውሻ ልሰጠው አነሣሁና እጄ እምቢ አለኝ። መልሼ ከደንኩት።

ወደ ማታ ግድም ደጃፋችን ላይ የአይሱዙ ጡሩምባ ጮኸ። ወንድሜ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። የአባቴን ጉልበት ስሞ ቀና አለና ወደ ጠረጴዛው አየ። ጠረጴዛው ላይ ሽሮና ጎመን ብቻ ነበር።

"አልፎርኖውስ?" አለኝ እየሳቀ።

"ቅበላ እኮ ትናንት ነበር" አልኩት። "ዛሬ ጾም ነው።"

"ሰኞ ማታ መስሎኝ…" አለ። በጣቱ እንደ መቁጠር አደረገውና ተወው። አቡነ ዘበሰማያትን ከእግር መትከሉ እኩል የተማረ፣ ጾም መቼ እንደሚገባ እኛን ሲያስታውስ ያደገ ልጅ፣ ቅበላ የሚውልበት ቀን ጠፋው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ትናንት ከዲክሲስ በላይ ገጠር ውስጥ ሲጭን እንደዋለ፣ እዚያ ኔትወርክ እንደሌለ ሊያስረዳኝ ጀመረና መሃል ላይ አቆመው።

"በሉ እንግዲህ ልሂድ፣ መኪናውንም መንገድ ዘግቼ ነው ያቆምኩት። ደግሞም በልቼ ነው የመጣሁት።"

ከትናንት ጀምሮ ሳጠራቅም የዋልኩትን ላወርድበት አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

"ተቀመጥ" አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "አሙቂለት" አሉኝ።

"አባዬ፣ ጾም እኮ ነው።"

"የኔና ያንቺ ነው ጾሙ። ልጁን አብዪው።"

አሞቅኩለት። ስፈገፍገው የዋልኩት ወጥ ቤት መልሶ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ሳቀርብለት አባቴ ወንበራቸውን ስበው ከፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ በልቡ ጸለየ፤ ድምፅ አላወጣም። አባቴም ቀና እስኪል ዝም ብለው ጠበቁት። ከዚያ አንድ ጎረሰ፣ ሁለተኛውን ጎረሰና ማኘኩን አቆመ።

"ምነው?" አልኩት ደንግጬ።

"ኮረሪማው" አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"የእናትህን ይመስላል?" አሉት አባቴ። አልቀመሱትማ። በምን ያውቁታል?

ወንድሜ ራሱን እየነቀነቀ፣ በሹካው ሳይሆን በእጁ ከመሃሉ ጠቅለል አድርጎ ወደ አባቴ አፍ ዘረጋው። አስቦበት አልነበረም። "ኧረ ጾም!" ብዬ ጮህኩ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ቅቤው በጣቱ እየወረደ ነው፤ እሱ መመለስም መዘርጋትም አቅቶታል።

አባቴ ታመው ተኝተው እንኳ ጾም ገድፈው አያውቁም። ሐኪም ወተት ጠጡ ሲላቸው ሐኪም ቀይረዋል። እጁን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የእጁን አንጓ በሁለት እጃቸው ያዙና ጎረሱ። በቀሩት ጥርሶቻቸው ቀስ እያሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡት። እኔና ወንድሜ አንተያይም፤ ሁለታችንም አፋቸውን ነው የምናየው።

"የንስሐ አባቴን እኔው ራሴ አናግራቸዋለሁ" አሉ ሲውጡ። "ስግደቱ ለአንድ ጉርሻም ለሁለትም ያው ነው። ድገመኝ።"

ወንድሜ ደገማቸው።