የአበልጅ መሐላ

ደሳንካ ክፉ አፍ አላት ይሏታል። ውሸት ነው። ያላት ያየችውን የሚናገር አፍ ነው፤ ከኡዢትሴ ከተማ ወዲህ ባለችው ትንሽ ከተማችን ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ይህ ከክፉ አፍ ይብሳል።

ከልጅነቷ ጀምሮ የሠራችው ሶል ማጣበቂያው ክፍል ነው። የክፍሉ አለቃ ራቶሚር ድሮ ከእሷ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሶል ሲያጣብቅ የነበረ ሰው ነው። ልጇን ክርስትና ያነሳላት እሱ ነው። አለቃ ሆኖ የተሾመ ቀንም ከሚስቱ እኩል የጨፈረችው እሷ ነበረች። እኛ ዘንድ ሰው ከወንድሙ ጋር በመሬት ሊካሰስ ይችላል፤ ከአበልጁ ጋር መጣላት ግን ሰው ፊት የማይነገር ነውር ነው።

ባለፈው መኸር አዲስ ማስቲሽ መጣ። ርካሽ ነው፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ ቅዝቃዜ ከነካው ደግሞ አይዝም። ስለዚህ ራቶሚር መስኮቶቹን በሙሉ አስቸነከራቸው። ብዙም ሳይቆይ ሴቶቹን ራስ ምታትና ማዞር ያዛቸው። ከሁሉም የባሰባት ከደሳንካ ጎን የምትሠራው ያጎዳ ነበረች፤ ገና ልጅ የምታጠባ ወጣት ሴት ናት።

«ራቶሚር፣ መስኮቱን ክፈትልን» አለችው ደሳንካ።

«ብርድ ይመታችኋል።»

«ስለ ብርዳችን ማሰብ የጀመርከው መቼ ነው?»

«ማስቲሹ አይዝም እኮ። ሶሉ ተገንጥሎ ሲመለስ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እንግዲያው አየር ማውጫ አስገጥም።»

«ሥራሽን ሥሪ ደሳንካ። አለቃው እኔ ነኝ።»

«አለቃማ ነህ። ለዚህ አይደል አንተ መስታወት ቢሮህ ውስጥ ሆነህ፣ እኛ እዚህ የምንታጠነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ራቶሚር ያንን ሳቅ አልረሳውም።

ሴቶቹ ተመካክረው ለሥራ ተቆጣጣሪዎች ደወሉ። ከቅዱስ ኒኮላስ በዓል በኋላ እንመጣለን ተባሉ። ማን ይናገር ሲባል ሁሉም ዞሮ ደሳንካን አየ፤ እሷም እሺ አለች። ያጎዳን ለብቻዋ ጠርታ፣ «አይዞሽ፣ ይሄ መስኮት ሳይከፈት እንቅልፍ አልተኛም» አለቻት።

ቅዱስ ኒኮላስ የራቶሚር ቤት ስላቫ ነው፤ የቤቱ ጠባቂ ቅዱስ የሚዘከርበት ቀን። ለስላቫ ማንም አይጠራም፣ ዘመድ ሁሉ ሳይጠራ ይመጣል እንጂ፤ የቀረ ግን ዝምድናውን በገዛ እጁ እንደቆረጠ ይቆጠራል። ደሳንካ ልትቀር አስባ ነበር። ባሏ ሚሊሳቭ ግን፣ «ፋብሪካው ሌላ፣ አበልጅነት ሌላ» አላት። ሄዱ። የተቀቀለውን ስንዴ ቀመሱ፣ ጾም ስለሆነ ዓሣ በሉ፣ ራቶሚርም ከእንግዳው ሁሉ አስቀድሞ ራኪያ አረቄ ቀዳላቸው። ከዚያ ደሳንካን በቅዱሱ ሥዕል ፊት ሻማው ወደሚበራበት ጥግ ጠራት።

«አበልጄ፣ የጠራችኋቸው ተቆጣጣሪዎች ከመጡ ክፍሉን ያሽጉታል። ሁላችንም ሥራ ፈት መሆናችን ነው። ያቺ የምታጠባዋም ጭምር።»

«ታዲያ መስኮቱን ክፈታ።»

«እከፍታለሁ። አየር ማውጫውንም አስገጥማለሁ። አንቺ ብቻ ደህና ነው በያቸውና ይሂዱልኝ።» እጁን ወደ ሥዕሉ ዘረጋ። «በቅዱስ ኒኮላስ።»

አመነችው። ሌላ አገር ያለች ሴት በጽሑፍ ስጠኝ ትል ይሆናል። እኛ ግን በገዛ ቅዱሱ፣ በገዛ ሻማው ፊት የማለን አበልጅ እንዲህ አንለውም፤ በጽሑፍ ስጠኝ ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ በየትኛው ዓይኑ ሰው ያያል? ሞኝነት ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ተቆጣጣሪዎቹ በመጡ ጠዋት መስኮቶቹ ሚስማራቸው ተነቅሎ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ደሳንካ ቀደም ብላ ሴቶቹን፣ «ለእኔ ተዉት፣ ቃል ተገብቶልኛል» ብላቸዋለች። ተቆጣጣሪዋ ቀጭን፣ መነጽራም ሴት ናት።

«የምትቸገሩበት ነገር አለ?» ስትል ጠየቀች።

«የለም፣ ደህና ነው» አለች ደሳንካ።

ያጎዳ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። የእንግዶቹ መኪና ከግቢው ሳይርቅ መስኮቶቹ እንደገና ተቸነከሩ።

ደሳንካ ለጥቂት ቀን ነው ብላ ጠበቀች። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ሰው ሁሉ ባለበት ራቶሚርን ያዘችው።

«በቅዱስህ ምለህልኛል።»

«ቤቴ የተወራ ቤቴ ይቀራል። እዚህ አበልጅ የለም፣ ሠራተኛ ነው ያለው።»

«ዋሺልኝ ስትለኝ ግን አበልጅ ነበርኩ።»

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። በማግስቱ ወደ መጋዘኑ አዛወራት፤ የጭነት መኪና የሚጫንበት፣ በሩ ክረምት ከበጋ የማይዘጋ ቦታ ነው። ውርጩ ጣቷን እያደነዘዘው ካርቶን ታሽጋለች። አንድ ቀን ራቶሚር ሲያልፍ ቆም አለና፣ «አየር አልነበር የፈለግሽው፣ አበልጄ?» አላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ያስለቀሳት ብርዱ አልነበረም።

በየካቲት ያጎዳ ሥራ ላይ እያለች ወደቀች። ሁለት ሴቶች ተሸክመው አየር እንድታገኝ ወደ መጋዘኑ በር አወጧት። ደሳንካ ካፖርቷን ካርቶን ላይ አንጥፋ አስተኛቻት፣ ፊቷን በውኃ አበሰችላት። ያጎዳ ነፍሷ ሲመለስ ጭንቅላቷን የደገፈችው ደሳንካ መሆኗን አየችና ጭንቅላቷን ከእጇ ላይ አነሳች።

«አታለለኝ ያጎዳ» አለች ደሳንካ። «ሻማ ፊት ምሎ አታለለኝ።»

«እኔን እሱ አላታለለኝም» አለች ያጎዳ ቀስ ብላ። «እሱ ለእኔ ምንም ቃል አልገባልኝም። ቃል የገባሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ሴቶቹ ያጎዳን ደግፈው ወደ ውስጥ መለሷት፤ ፈረቃው ገና አላለቀም ነበር።